የሥራ አጥነት ምጣኔን ብቻውን አታውጡልን፦ ስለ ትናንሽ ከተሞች አኃዝ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የትናንሽ ከተሞችንና የዙሪያቸውን የሥራ አጥነት አኃዝ ለምታሰናዱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች፣ በአኃዙ ለምትወስኑ የከተማ አስተዳደሮች እና ለሕዝብ ለምታደርሱ መገናኛ ብዙኃን

ጉዳዩ፦ ወርኃዊና ዓመታዊ የሥራ አጥነት መግለጫ ከጥሬ ቁጥሮቹ ጋር እንዲወጣ ስለመጠየቅ

«ሥራ አጥነት ቀነሰ» የሚል ዜና ከአንዲት ትንሽ ከተማ ሲወጣ፣ በሥራ ገበያ መረጃ ላይ የምንሠራ ሰዎች ቀድመን የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ሰዎቹ ሥራ አገኙ ወይስ ከቁጥሩ ወጡ? መግለጫው ላይ የሰፈረው አንድ መቶኛ ብቻ ከሆነ ይህን የሚመልስ አይገኝም። ከንቲባውም አይመልሰውም፣ ጋዜጠኛውም አይመልሰውም፤ አኃዙን ያሰላው ባለሙያ እንኳ ጥሬ ቁጥሩን መልሶ ካላየ አይመልሰውም። ስለዚህ የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ምጣኔውን ብቻውን አታውጡት። ስንት ሰው በሥራ ላይ እንዳለ፣ ስንት ሰው ሥራ እንደሚፈልግ፣ ስንት ሰው ከሁለቱም ውጭ እንደሆነ አብራችሁ አውጡ፤ ያለፈው ዓመት የዚያው ወር ቁጥርም ከጎኑ ይቀመጥ።

ለምን እንደዚህ እንደምንጨነቅ በስሌት እናሳይ። አንዲት ከተማ ከዙሪያዋ ጋር 62,000 ለሥራ የደረሱ ነዋሪዎች አሏት እንበል። ከእነዚህ 36,800ው ይሠራሉ፣ 3,200ው ሥራ ይፈልጋሉ፣ የቀሩት 22,000 ደግሞ ተማሪዎች፣ ጡረተኞች፣ ሕመምተኞች፣ ልጅ አሳዳጊዎችና ሥራ መፈለግ ያቆሙ ናቸው። ብዙ አንባቢ የሥራ አጥነት ምጣኔ ለ62,000ው የሚካፈል ይመስለዋል። አይደለም፤ የሚካፈለው ለሚሠሩትና ለሚፈልጉት ድምር፣ ለ40,000ው ነው። 3,200 ለ40,000 ሲካፈል 8.0 በመቶ ይመጣል።

አሁን 900 ሠራተኞች ያሉት ፋብሪካ ተዘጋ። 500ው በማግሥቱ ሥራ ፍለጋ ወጡ። 250ው ጓዛቸውን ጠቅልለው ሌላ ከተማ ሄዱ። 150ው ደግሞ «የት ሥራ አለና» ብለው ቤት ዋሉ። የሚሠራው 35,900፣ የሚፈልገው 3,700፣ ድምሩ 39,600 ሆነ፤ ምጣኔው 9.3 በመቶ። ሥራውን ያጣው 900 ሰው ሆኖ ሳለ ወደ ሥራ አጥነት ቁጥሩ የገባው 500ው ብቻ መሆኑን ልብ በሉ።

አንድ ዓመት አለፈ። ለፋብሪካው ዕቃ ያመላልሱ የነበሩት የጭነት ድርጅቶችና ሠራተኛው ይገበይባቸው የነበሩት ሱቆች 200 ሰው ቀነሱ። ሥራ ፈላጊው 3,900 መድረስ ነበረበት፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት 700ው ከተማዋን ለቀቁ፣ 400ው መፈለግ አቆሙ። ስለዚህ ሥራ ፈላጊው 2,800፣ ሠራተኛው 35,700 ሆነ፤ ምጣኔው 7.3 በመቶ። መግለጫው እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦ «የሥራ አጥነት ምጣኔው በአንድ ዓመት ውስጥ ከ9.3 ወደ 7.3 በመቶ ወርዷል፤ ፋብሪካው ከመዘጋቱ በፊት ከነበረው 8.0 በመቶም ያነሰ ነው።» ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሐሰት የሆነ ቃል የለም። ከተማዋ ግን 1,100 ሥራ አጥታለች፤ በምትኩ የተገኘ አንድም የለም።

ይህን ጉድለት ለማየት ከሥራ አጥነት ምጣኔ ቀጥሎ የሚያገለግለው በሥራ ላይ ያለው ሰው ለሥራ ለደረሰው ሕዝብ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በምሳሌያችን ከ59.4 ወደ 58.5 በመቶ ወርዷል። የተሻለ ነው፤ አልበቃም። ለቀው የሄዱት 950 ሰዎች ከላይም ከታችም ስለጠፉ ይኸኛውም መለኪያ አያያቸውም። የሚያያቸው ጥሬው ቁጥር ብቻ ነው፦ 36,800 የነበረው 35,700 ሆነ። ከመቶኛ በፊት ጥሬ ቁጥር እንዲቀድም የምንጠይቀው ለዚህ ነው።

ነገሩ የወረቀት ላይ ስሌት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኢኮኖሚስቶቹ ኦሊቪዬ ብላንሻርድና ሎረንስ ካትስ እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካን ግዛቶች አጥንተው ያገኙት ይህንኑ ነው። አንድ ግዛት ሥራ ሲያጣ ምጣኔው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን በዋናነት የጠፋው ሥራ ተመልሶ ሳይሆን ሠራተኛው ወደ ሌላ ስለሚሄድ ነው። በኦሃዮ የምትገኘው ያንግስታውን ለዚህ ትልቅ ምስክር ናት። መስከረም 19 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ትልቁ የብረት ፋብሪካዋ እንደሚዘጋ ተነገረ፤ ከ4,000 በላይ ሰው ከሥራ ወጣ፤ በተከታዮቹ ዓመታት ሌሎቹም ተከተሉ። በ1950 ወደ 168,000 ነዋሪ የነበራት ከተማ በ2020 ቆጠራ የተገኘባት ወደ 60,000 ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል ምጣኔዋ «የተሻሻለባቸው» ወራት ብዙ ነበሩ። ዴቪድ ኦተርና ባልደረቦቹ በ2013 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ሌላውን መንገድ አሳይቷል። ከቻይና በገባ ዕቃ የተጎዱ የአሜሪካ አካባቢዎች ሕዝባቸው ብዙም ሳይቀንስ ከሥራ ገበያው የወጣው ሰው በዛ፣ በአካል ጉዳት ድጎማ የሚኖረውም ጨመረ። የሄደም ሆነ ቤቱ የቀረ፣ ሁለቱም ከምጣኔው ውስጥ አይገኙም።

መፈለግ ያቆመውን ሰው ሰነፍ ነው ብሎ ማለፍ በሙያችን ውስጥ ያለ ሰው የማይስማማበት ነገር ነው። በኦስትሪያ ማሪየንታል በምትባል የጨርቃ ጨርቅ መንደር ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ነዋሪውን ቀርበው አጠኑ። ሰዓት ይዘው በዋናው መንገድ የሚያልፈውን ሰው ፍጥነት ለኩ፤ ስንቴ ቆም እንደሚል ቆጠሩ። ወንዶቹ የሚቸኩሉበት ነገር ስላልነበራቸው እያዘገሙ፣ እየቆሙ ይሄዱ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ሲታይ፣ ጊዜ የተረፈው ሰው በዛ እንጂ የሚዋሰው መጽሐፍ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ሥራ ማጣት ሲረዝም የመፈለግ አቅምንም ይበላል። ስለዚህ «መፈለግ ያቆሙ ነገር ግን ሥራ ቢያገኙ የሚሠሩ» የሚለው መደብ በመግለጫችሁ የራሱ መስመር ሊኖረው ይገባል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሚመራው የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ በ2013 የወጣው ውሳኔ ለዚሁ ሲባል አራት መለኪያዎችን አስቀምጧል። የመጀመሪያው የተለመደው ምጣኔ ነው። ሁለተኛው ሥራ ኖሯቸው ተጨማሪ ሰዓት የሚፈልጉትን፣ ሦስተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆነው ፍለጋ የማይወጡትን ወይም እየፈለጉ ለጊዜው ዝግጁ ያልሆኑትን ይጨምራል፤ አራተኛው ሁሉንም ይደምራል። በትንሽ ከተማ ሦስተኛው ከመጀመሪያው እየራቀ ከሄደ ችግሩ እየተደበቀ ነው ማለት ነው።

ወደ ናሙናው እንምጣ። ብዙ የተሳሳተ ዜና የሚወለደው እዚህ ነው። የሀገር አቀፍ ጥናት ትልቅ ነው፤ አሜሪካ በየወሩ የምታካሂደው ወደ 60,000 ቤተሰቦችን ይሸፍናል። ለአንዲት ትንሽ ከተማ የሚደርሰው ግን ጥቂት ነው። በከተማችሁ ናሙና ውስጥ 1,200 የሚሠሩና ሥራ የሚፈልጉ ሰዎች ተገኙ፣ ምጣኔውም 8 በመቶ ሆነ እንበል። 0.08ን በ0.92 አባዙ፣ ለ1,200 አካፍሉ፣ ካሬ ሩቱን ውሰዱ፤ 0.0078 ይመጣል። በአንድ ሰፈር ያሉ ቤቶች ስለሚመሳሰሉና ናሙናው የሚወሰደው በሰፈር በሰፈር ስለሆነ፣ ካሬ ሩቱ ከመወሰዱ በፊት ያለውን ቁጥር በ1.5 እናሳድገው፤ መደበኛ ስህተቱ (የናሙናው ውጤት ከእውነተኛው ቁጥር በተለምዶ የሚርቅበት መጠን) 0.96 የመቶኛ ነጥብ ይሆናል። በ95 በመቶ መተማመኛ ሲሰላ ከላይም ከታችም 1.9 ነጥብ ነው። «8 በመቶ» ተብሎ የተነገረው በእርግጥ ከ6.1 እስከ 9.9 ባለው መካከል የሆነ ቁጥር ነው። ሁለት የተለያዩ ናሙናዎችን ስናነጻጽር ደግሞ የስህተቱ ህዳግ ወደ 2.7 ነጥብ ይሰፋል። ስለዚህ ቅድም በምሳሌ ያየነው ከ9.3 ወደ 7.3 የተደረገ «ቅነሳ» በዚህ ናሙና ከተገኘ መቀነሱ ራሱ አልተረጋገጠም። የአንድ ነጥብ ለውጥን በልበ ሙሉነት ለመናገር በየዙሩ ወደ 8,500 የሚሠሩና ሥራ የሚፈልጉ ሰዎች ያስፈልጋሉ። የዚህን ያህል ናሙና በየወሩ የሚችል ትንሽ ከተማ የለም፤ ባይኖርም አይገርምም።

ከዚህ የሚያወጡ መንገዶች አሉ፤ ሌሎች ሀገሮችም ይሄዱባቸዋል። ካናዳ ለከተሞቿ የሦስት ወር ተንቀሳቃሽ አማካይ ታወጣለች። ብሪታንያ ለአካባቢ አስተዳደሮች የ12 ወር መረጃ አንድ ላይ አድርጋ፣ ለሥራ አጥነቱም ሞዴል ተጠቅማ ትገምታለች። አሜሪካም የከተማ ዙሪያዎቿን ወርኃዊ ምጣኔ በቀጥታ ጠይቃ አታገኝም፤ የሥራ አጥ መድን ጠያቂዎችንና ሌሎች መዝገቦችን ይዛ ትገምተዋለች፣ ከግዛቱ ድምር ጋር ታስማማዋለች፣ በሚቀጥለው ወር ታርመዋለች፣ በዓመቱ ደግሞ እንደገና ትከልሰዋለች። የመጀመሪያውን ቁጥር ይዞ ትልቅ ርዕስ የሚሠራ ጋዜጣ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ተንቀሳቃሽ አማካይ ስትጠቀሙ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ከጥር እስከ መጋቢት ያለውን አማካይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ካለው ጋር ስታነጻጽሩ የካቲትና መጋቢት በሁለቱም ውስጥ ስላሉ የምታነጻጽሩት ጥርንና ሚያዝያን ነው፤ ያውም ልዩነቱን ለሦስት ከፍላችሁ። ትልቅ ድርጅት በተዘጋበት ወር አማካዩ የሚያሳየው የጉዳቱን ሲሶ ብቻ ነው። ማነጻጸር ያለባችሁ የማይደራረቡ ሦስት ወሮችን ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሦስት ወር ጋር ነው።

ያለፈው ዓመት ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሪዞና የምትገኘው ዩማ በቀዝቃዛው ወራት ሰላጣና ቅጠላ ቅጠል የምታመርት ናት። ማሳው ሥራ የሚይዘው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ለቀማው ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ የከተማዋ ምጣኔ በሙቀቱ ወራት ከ20 በመቶ በላይ የወጣባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። የሐምሌን ምጣኔ ከጥር ጋር አስተያይቶ «ቀውስ» ማለት፣ የጥርን ከሐምሌ ጋር አስተያይቶ «ስኬት» ማለት፣ ሁለቱም የቀን መቁጠሪያን እንደ ፖሊሲ ውጤት መቁጠር ነው። ወቅታዊነትን የሚያስተካክሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ነገር ግን ቢያንስ የሦስት ዓመት፣ ቢቻል የአምስትና ከዚያ በላይ ዓመታት ወርኃዊ መረጃ ይፈልጋሉ። እስከዚያው የዓመት በዓመት ንጽጽር ይበቃል።

ከተማዋ በአንድ ኢንዱስትሪ ላይ ከቆመች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። በኢንዲያና ያለችው ኤልክሃርት የመኖሪያ ተሽከርካሪ (ለሽርሽር የሚያገለግል፣ ማደሪያ ያለው መኪና) መሥሪያ ናት። በ2009 ምጣኔዋ ከ18 በመቶ አለፈ፤ በ2018 ከ3 በመቶ በታች ወረደ፤ በሚያዝያ 2020 ፋብሪካዎቹ በወረርሽኙ ሲቆሙ በአንድ ወር ከ25 በመቶ በላይ ተተኮሰ። ሰው ገንዘብ ሲያጥረው ወይም ብድር ሲጠብቅበት ቀድሞ የሚተወው እንዲህ ያለውን ግዢ ስለሆነ ነው ይህ ሁሉ መዋዠቅ። ለእንዲህ ዓይነት ከተማ ምጣኔው ዝቅ ባለበት ወር «የሥራ አጥነት ችግር ተፈታ» ማለት ትልቅ ስህተት ነው። ከምጣኔው አጠገብ የዋናው ኢንዱስትሪ ድርሻ ይጻፍ፦ ከመቶ ሠራተኛ ስንቱ በዚያ ይተዳደራል የሚለው። የድርጅቶችን ምሥጢር ላለማውጣት ከሦስት ያነሱ ድርጅቶች ያሉበት ወይም አንዱ ብቻውን አብዛኛውን የያዘበት ዘርፍ ለብቻው አይታተምም፤ ትክክል ነው። ያን ጊዜ ከተቀራራቢ ዘርፍ ጋር ደምራችሁ አውጡት፤ ባዶ ሳጥን አትተዉ።

አሁን ደግሞ መረጃው ከሚሰበሰብበት ቤት በር ላይ እንቁም፤ በኮምፒውተር የማይታረመው ስህተት የሚሠራው እዚያ ነውና። ዓለም አቀፉ መለኪያ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ሰውየው ባለፉት ሰባት ቀናት ለክፍያ ወይም ለትርፍ አንድ ሰዓት እንኳ አልሠራም፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ለማግኘት የሆነ ነገር አድርጓል፣ ሥራ ቢያገኝ በአጭር ጊዜ ውስጥ መጀመር ይችላል። ሦስቱ ሲሟሉ ሥራ አጥ ነው። መረጃ ሰብሳቢው «ሥራ አለዎት?» ብሎ ከጀመረ ግን ሁሉ ነገር ይበላሻል። በሳምንቱ ሁለት ቀን ድንጋይ የተሸከመ የቀን ሠራተኛ «ሥራ የለኝም» ይላል፤ እሱ ሥራ የሚለው ቋሚ ቅጥርን ነውና። በቤቷ በር ላይ የምትቸረችር ሴትም «አይ፣ ቤት ነው የምውለው» ትላለች። ሁለቱም በመለኪያው ሠራተኞች ናቸው፤ ሁለቱም ተጨማሪ ሰዓት ይፈልጉ ይሆናል፤ ያ የሚታወቀው በሌላ ጥያቄ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «ባለፉት ሰባት ቀናት በገንዘብ ወይም በዓይነት የሚከፈል ማንኛውንም ሥራ፣ አንድ ሰዓትም ቢሆን፣ ሠርተዋል?» ይባል። «አይ» ካሉ የቀን ሥራን፣ ችርቻሮን፣ የቤተሰብ ንግድ መርዳትን፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የሚሠራን ሥራ አንድ በአንድ እየጠራ ይጠይቅ።

የፍለጋው ጥያቄም እንዲሁ ነው። «ሥራ እየፈለጉ ነው?» ሲባል ሁሉም «አዎ» ይላል። መጠየቅ ያለበት «ምን አደረጉ?» ነው፤ መልሱም ምርጫ ሳይነበብለት ከሰውየው አፍ ይውጣ። ማስታወቂያ ማንበብ ብቻውን በአሜሪካ አሠራር ፍለጋ አይባልም፤ ማመልከት፣ አሠሪ ዘንድ መሄድ፣ የቀን ሥራ ወደሚገኝበት ማለዳ መውጣት፣ ዘመድ ወዳጅ ሥራ እንዲያፈላልግ መጠየቅ ይባላል። ሌላው የሚያሳስት፣ ቤት የተገኘው ሰው ለሌላው መመለሱ ነው። እናት ስለ ልጇ ሲመልሱ ልጁ ትናንት የት እንደዋለ ላያውቁ ይችላሉ፤ የወጣቱ ቁጥር በአብዛኛው የሚዛባው በዚህ ነው። በጠያቂዎቹ ውል ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ማታ ወይም ቅዳሜና እሑድ ተመልሶ የመሄድ ግዴታ ይግባ፤ በሌላ ሰው የተመለሰው ስንት በመቶ እንደሆነም ይታተም።

ትልልቆቹም ይሳሳታሉ። በሚያዝያ 2020 የአሜሪካ ምጣኔ 14.7 በመቶ ተብሎ ወጣ። ድርጅታቸው በወረርሽኙ የተዘጋባቸው ብዙ ሰዎች «ለጊዜው ከሥራ የተቀነሱ» መባል ሲገባቸው «ሥራ ኖሯቸው በሌላ ምክንያት ያልተገኙ» ተብለው ተመዝግበው ነበር። አኃዙን ያወጣው መሥሪያ ቤት ይህን ራሱ በመግለጫው ጻፈ፤ በትክክል ቢመዘገቡ ኖሮ ምጣኔው ወደ 5 ነጥብ የሚጠጋ ከፍ ይል እንደነበርም ተናገረ። ቁጥሩን በስውር አልቀየረም፤ ስህተቱን አልሸሸገም። ከዚህ የበለጠ እምነት የሚያተርፍ አሠራር አናውቅም።

በመዝገብ ስለሚገኘው ቁጥር ብዙ አንጽፍም። የሥራ ፈላጊዎች ምዝገባ የሥራ አጥነት ምጣኔ አይደለም። ሥራ ያገኘ ሰው ስሜን ሰርዙ ብሎ አይመጣም፤ ምዝገባ የሚያስገኘው ነገር ከሌለ ደግሞ ሥራ አጡ አይመዘገብም፤ ድጋፍ ሊሰጥ ነው ሲባል በአንድ ሳምንት እጥፍ ይሆናል። ለአንድ ነገር ግን ይጠቅማል፦ በየወሩ አዲስ የሚገባውን ለማየት። ከየት ድርጅት እንደወጣ ተጽፎ ከተገኘ፣ ሊዘጋ የተቃረበ ዘርፍ ከጥናቱ ብዙ ወራት ቀድሞ ይታያል።

«የተፈጠረ የሥራ ዕድል» የሚባለው ቁጥር ግን ዝም ብለን የምናልፈው አይደለም። ሦስት ስህተቶች ተደጋግመው ይገኙበታል። አንደኛ፣ የጠፋው አይቀነስም፤ 1,500 ሰው ተቀጥሮ 1,700 ከወጣ ከተማዋ 200 ሥራ አጥታለች እንጂ 1,500 አላገኘችም። ሁለተኛ፣ የሦስት ወር የመንገድ ሥራና ቋሚ ቅጥር እኩል አንድ አንድ ተብለው ይደመራሉ። ሦስተኛ፣ አንድ ወጣት ሲሠለጥን፣ ሲደራጅና ብድር ሲያገኝ በሦስት ክፍሎች ሪፖርት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይቆጠራል። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ጊዜያዊው ሥራ በሰው ቀን ተቆጥሮ ወደ ሙሉ ዓመት ይመለስ፤ 260 የሥራ ቀን እንደ አንድ ዓመት ቢያዝ፣ 300 ሰው ለ65 ቀን የሠራበት ፕሮጀክት 75 የዓመት ሥራ ነው። ድግግሞሹ በመታወቂያ ቁጥር ይጣራ። የመጨረሻው ማመሳከሪያ ደግሞ አሠሪዎች ለጡረታ ወይም ለግብር የሚያስገቡት የሠራተኛ ዝርዝር ይሁን፤ «ተፈጠረ» የተባለው ሥራ በስድስት ወሩ እዚያ ዝርዝር ላይ ከሌለ የት ሄደ ተብሎ ይጠየቅ። መደበኛ ያልሆነው ሥራ በዚያ ዝርዝር እንደማይገኝ እናውቃለን፤ ለእሱ የቤት ለቤት ጥናቱ አለ።

ሁለቱን ስታመሳክሩ ቁጥሮቹ አይገጥሙም፤ አትደንግጡ። የቤት ለቤት ጥናቱ ሰውን በሚኖርበት ይቆጥራል፣ የአሠሪው ዝርዝር በሚሠራበት። ሁለት ቦታ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያው አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት ነው። የከተማና የዙሪያዋ ወሰን የሚከለለውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ አሜሪካ 50,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ያለበትን የከተማ እምብርት ወስዳ በመመላለስ ከእሱ ጋር የተሳሰሩትን አውራጃዎች ትጨምርበታለች። ወሰኑ ሲሰፋ የድሮው ቁጥር ከአዲሱ ጋር አይነጻጸርም። ወሰን ከቀየራችሁ ቢያንስ የአምስት ዓመቱን ተከታታይ ቁጥር በአዲሱ ወሰን መልሳችሁ አስሉ፤ ካልቻላችሁ በሠንጠረዡ ላይ መስመር አስምሩና «ከዚህ በፊት ያለው አይነጻጸርም» በሉ።

ውሳኔ ለምትሰጡ አስተዳደሮች አንድ ነገር እንጨምር። በየወሩ 300 አዲስ ሥራ አጥ የሚገባባትና እያንዳንዱ በአማካይ አራት ወር የሚቆይባት ከተማ 1,200 ሥራ አጥ ይኖራታል። በየወሩ 100 የሚገባባትና አማካይ ቆይታው 12 ወር የሆነባትም እንዲሁ 1,200 ይኖራታል። ምጣኔያቸው አንድ ነው፤ ችግራቸው ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያዋ የሚያስፈልጋት ሥራውና ሠራተኛው ቶሎ የሚገናኙበት መንገድ፣ የክፍት ቦታ መረጃና በሽግግሩ ወራት የሚደግፍ ገቢ ነው። ሁለተኛይቱ ግን ሙያ መቀየሪያ ሥልጠና፣ የመጓጓዣ ድጋፍ፣ አሠሪው ለረጅም ጊዜ ሥራ አጥ የነበረን ሰው እንዲቀጥር የሚያበረታታ ክፍያ ያስፈልጋታል። ለሁለተኛይቱ የሥራ ዐውደ ርዕይ ብቻ ማዘጋጀት ገንዘብ ማባከን ነው። ስለዚህ «ሥራ መፈለግ ከጀመሩ ስንት ሳምንት ሆነ?» የሚለው መልስ ከአምስት ሳምንት በታች፣ ከ5 እስከ 14፣ ከ15 እስከ 26፣ 27ና ከዚያ በላይ ተብሎ ተከፍሎ ይታተም። የ27ቱ ሳምንት መደብ ባዶ እየሆነ ሲሄድም ደስታችሁን አታፋጥኑ፤ ሥራ አግኝተው ነው ወይስ መፈለግ አቁመው ወይም ለቀው ሄደው ነው የሚለውን ሳታጣሩ።

የምንጠይቀው መግለጫ ምን እንደሚመስል ቅድም ባየናት ከተማ ቁጥር እንጻፈው፦

«በዚህ ወር በከተማዋና በዙሪያዋ 35,700 ሰዎች በሥራ ላይ ነበሩ፤ አምና በዚሁ ወር 35,900 ነበሩ። ሥራ የሚፈልጉት 2,800 ናቸው፤ አምና 3,700 ነበሩ። የሥራ አጥነት ምጣኔው 7.3 በመቶ ሲሆን ከ5.5 እስከ 9.1 ባለው መካከል ሊሆን ይችላል፤ ከአምናው 9.3 በመቶ ያለው ልዩነት ከናሙናው የስህተት ህዳግ አይወጣም። የአሠሪዎች የመዋጮ ዝርዝርም የሠራተኛ ቁጥር መቀነሱን ያሳያል። የሥራ ፈላጊው ቁጥር ያነሰው ሥራ በመገኘቱ አይደለም፤ 400 ያህል ሰዎች መፈለግ አቁመዋል፣ 700 ያህሉ ከተማዋን ለቀዋል። ቁጥሮቹ የመጀመሪያ ደረጃ ናቸው፤ በሚቀጥለው ወር ይከለሳሉ።»

ይህ በሬዲዮ ሲነበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጋዜጠኞች፣ እንዲህ ያለ መግለጫ ካልተሰጣችሁ «በሥራ ላይ ያለው ሰው ስንት ነው? አምናስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለ «ቀነሰ» የሚለውን ቃል ርዕስ አታድርጉት።

የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች፣ ለዚህ አዲስ ጥናት አያስፈልጋችሁም። ሦስቱም ቁጥሮች ምጣኔውን ባሰላችሁበት ፋይል ውስጥ አሉ፤ የፍለጋው ቆይታ በመጠይቁ ውስጥ አለ፤ የስህተት ህዳጉን ፕሮግራማችሁ ያሰላዋል። ከሚቀጥለው መግለጫ ጀምሮ ሠንጠረዡ ሊሰላበት በሚችል ፋይል፣ ካለፉት አምስት ዓመታት ወርኃዊ ቁጥሮች ጋር ይውጣልን፤ የተከለሰው ቁጥር በአሮጌው ላይ ተጽፎበት አይጥፋ፣ ሁለቱም ከነቀናቸው ጎን ለጎን ይቀመጡ።

ከአክብሮት ጋር፣

በሥራ ገበያ መረጃ ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች